ከቶኪዮ የመጣው ነብር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የቃኘው ሻለቃ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የነሐስ ነብር ነው። አያቴ ከኮሪያ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው። ነብር ስል የእኛን ባለ ነጠብጣብ ማለቴ አይደለም፤ ባለ ሸንተረሩን የእስያውን ነው። ዘማቾቻችን ከግንባር ለዕረፍት ወደ ጃፓን ይሄዱ እንደነበር ታውቃላችሁ። ቆስለው ቶኪዮ የታከሙም ነበሩ። አያቴ ነብሩን ያገኙት እዚያ ነው።

ነብሩ ዕድሜውን ሙሉ ቡፌ ላይ ኖረ፤ ከሥሩ ዳንቴል ተነጥፎለት። አያቴ ካረፉ በኋላ ቤቱን ስናስተካክል "ይኼ ስንት ያወጣል?" የሚል ጥያቄ መጣ። በሰፈር የሚያልፍ ቁራሌው በእጁ መዘነና የኪሎ ዋጋ ነገረን። ለመስጠት ትንሽ ነበር የቀረን።

እኔ ደግሞ የባሰ ነገር አደረግኩ። ይመርልን ብዬ አንዱን ጆሮውን በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። ቢጫ ሆኖ አበራ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ያን ጆሮ ባየሁ ቁጥር ያመኛል። ጥቁር ቡናማው ቀለም እድፍ አልነበረም። የጃፓን አንጥረኞች አስበውበት፣ በሙቀትና በኬሚካል የሚያወጡት ቀለም ነው። ከዚያ የዓመታት አየርና የሰው እጅ ይጨመርበታል። የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እባካችሁ፣ አትፈትጉ። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ አንሡ፤ በቃ።

እንዲህ ያሉ እንስሳት ለምን ተሠሩ? ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥራ። የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት የሜይጂ ዘመን በ1868 ጀመረ። በ1876 መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መሄድን ከለከለ። የሰይፍ ጌጥ ሲሠሩ የኖሩ አንጥረኞች ገበያቸው ነጠፈ። ጥበቡ ግን እጃቸው ላይ ነበር። ብዙዎቹ ወደ አበባ ማስቀመጫ፣ ወደ ዕጣን ማጨሻ፣ ወደ እንስሳት ቅርጽ ዞሩ። የጃፓን የነሐስ ሥራዎች በ1873 ቪየና፣ በ1876 ፊላዴልፊያ፣ በ1878 ፓሪስ በተደረጉት የዓለም ኤግዚቢሽኖች ታዩ። ሱዙኪ ቾኪቺ የተባለው ባለሙያ በ1893 ቺካጎ ላይ የቀረቡትን አሥራ ሁለት ጭልፊቶች ሠራ። እያንዳንዱ አቋሙ የተለየ ነው። ዛሬም ካናዛዋ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የዕደ ጥበብ ሙዚየም አሉ።

አሠራሩ ለእኛ ባዳ አይደለም። ቅርጹ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ማዕድኑ ይፈስሳል። ቅኔያችንን "ሰምና ወርቅ" ያስባለው ይኸው የአንጥረኛ ሥራ ነው። አያቴ ይህን ያስቡት አያስቡት እንጃ፤ እኔ ግን ነብሩን የወደድኩት ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ቡፌ ልምጣ። ዕቃውን አንሥታችሁ ገልብጡት፤ ዋናው ወሬ ያለው ከሥሩ ነው። ማግኔት አስጠጉ። ነሐስ ማግኔት አይስብም፤ ከሳበ ውስጡ ብረት አለ። አይስብም ማለት ግን ነሐስ ነው ማለት አይደለም፤ ዚንክም አይስብም። ስለዚህ በተፈጥሮ የተላጠ ቦታ ፈልጉ። ከሥሩ ግራጫ ከወጣ በነሐስ ቀለም የተቀባ ርካሽ ማዕድን ሊሆን ይችላል። በስልክ ባትሪ ሸንተረሩን እዩ። በጥሩ ሥራ ላይ ፀጉሩ በመሮ አንድ በአንድ የተቀረጸ ነው። በርካሽ ቅጂ ላይ መስመሩ ቀልጦ የረጋ ይመስላል።

ጽሑፍም ፈልጉ። ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም ሊኖርበት ይገባ ነበር። መጀመሪያ ጃፓኖች አገራቸውን በሚጠሩበት ስም "ኒፖን" ይባል ነበር፤ ከ1921 ወዲህ "ጃፓን" ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ እስከ 1952 "በተያዘችው ጃፓን የተሠራ" የሚል ምልክት የወጣባቸው ዕቃዎች አሉ። ይህ የመጨረሻው ካለበት፣ አባታችሁ ሲገዙት ገና አዲስ ነበር ማለት ነው። ለሻጭ ቅር ያሰኛል፤ ለቤተሰብ ግን ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው።

የእኛ ነብር ይህ ምልክት የለውም። ሆዱ ሥር አራት ማዕዘን ውስጥ የጃፓን ፊደል አለው። ፎቶ አንሥቼ ቋንቋውን ለሚያነብ ሰው ላክሁ። "ሴይያ" የሚል ስም ነው። በሜይጂ ዘመን ለውጭ ገበያ በተሠሩ ነብሮችና ዝሆኖች ላይ በብዛት የሚገኝ ስም ነው። ስሙ ታዋቂ ስለሆነ አስመስለው የሚጽፉትም አሉ። ስለዚህ ፊርማ ብቻውን አያሳምን፤ ሥራው ከፊርማው ጋር መስማማት አለበት።

ዋጋውስ? ዋጋ አንድ አይደለም። ለኢንሹራንስ የሚጻፈው ከፍ ይላል፤ ጨረታ ላይ የሚገኘው ዝቅ ይላል፤ ከዚያም የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን ይቀነሳል። የጃፓን ሥነ ጥበብ ክፍል ላላቸው የጨረታ ቤቶች ፎቶውን፣ ልኩንና ክብደቱን ላኩ። ተመሳሳይ ዕቃ በስንት ተጠየቀ ብላችሁ አትመልከቱ፤ በስንት ተሸጠ በሉ። ዝሆን ከሆነ ጥርሱን እዩ። እውነተኛ የዝሆን ጥርስ ከሆነ በብዙ አገር ሽያጩ በሕግ የታገደ ወይም የተገደበ ነው። ዩኒፎርም ለብሰው የተነሡት ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ የእንጨት ሣጥን ካለ አብሮ ይቀመጥ። በሕይወት ያሉትን አባቶች ደግሞ ዛሬ ማታውኑ ጠይቁና የሚሉትን ቅዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ለመሣሪያ ብላ ነሐሷን ሰብስባ አቀለጠች። የቤተ መቅደስ ደወሎች ሄዱ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የታማኙ ውሻ የሃቺኮ ሐውልትም ቀለጠ፤ አሁን ያለው በ1948 እንደገና የተሠራ ነው። የአያቴ ነብር በዚያ ሁሉ ውስጥ አልፎ ነው አዲስ አበባ የደረሰው። እኛ ደግሞ በኪሎ ልንሰጠው ነበር።

ነብሩን ይዤው መጥቻለሁ፤ ያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ስጨርስ ቀርባችሁ አንሡት፣ ገልብጡት። በሁለት እጅ ከሆዱ ደግፋችሁ ያዙት እንጂ በጭራው አታንሡት፤ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። የፈተግኩት ጆሮ የግራው ነው።