እስቲ ይዝፈኑ፦ የስኳር ሕመም፣ ልብና የጅሬን ዳገት

[ምስል፦ ማለዳ፣ ጅማ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ሁለት ጎልማሶች እያወጉ ይራመዳሉ።]

ተራኪ፦ ሁለቱም ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለባቸው። ሐኪም "ተንቀሳቀሱ" ስላላቸው በየማለዳው ይወጣሉ። አረማመዳቸውን ግን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ወጉ አይቋረጥም፣ ሰላምታ የሚታለፍ ሰው የለም። ቤት ከመቀመጥ እጅግ ይሻላል፤ ልባቸው ግን መንገድ መውጣታቸውን የሰማ አይመስልም።

ስለ ልብ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የስኳር ሕመምተኞችን በብዛት የሚገድለው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል። የልብም ጡንቻ እየደደረ ይሄዳል፤ ደም ለመቀበል እንደ ቀድሞው አይላላም። ዳገት ላይ ቶሎ የሚደክመው ሰው "ዕድሜ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሁልጊዜ ዕድሜ አይደለም።

[ምስል፦ በሥዕል፣ የሚሠራ ጡንቻና የደም ሥር።]

የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ወደ ሴሎች የሚያስገባውን ሆርሞን፣ የኢንሱሊንን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ስኳርን ከደም ይስባል። ጡንቻው ከዚያ በኋላም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ለኢንሱሊን ይበልጥ ታዛዥ ሆኖ ይቆያል፤ "እንቅስቃሴን ሁለት ቀን በተከታታይ አትዝለሉ" የሚባለው ለዚህ ነው። ደም በፍጥነት ሲፈስ ደግሞ የደም ሥሩ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ይህም ሥሩን ያሰፋዋል።

ፍጥነቱ በቂ መሆኑ በምን ይታወቃል? ብዙዎች ከ220 ላይ ዕድሜያቸውን ቀንሰው ከፍተኛውን የልብ ምታቸውን ያሰላሉ። እኔ ለስኳር ሕመምተኛ ይህን ስሌት ብዙም አላምነውም። እንደ አቴኖሎል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ምቱን ዝቅ አድርገው ይይዙታል፤ ስኳሩ የልብን ነርቮች ጎድቶ ከሆነም ቁጥሩ ያሳስታል። ትንፋሽ ይሻላል። እያወሩ መሄድ ችለው መዝፈን ካቃትዎ፣ መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው አየር መሳብ ካስፈለገዎ፣ ከባድ ነው። በሳምንት ከመካከለኛው 150 ደቂቃ፣ ወይም ከከባዱ 75 ደቂቃ ይመከራል።

ሁለቱን ማፈራረቅም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የኮፐንሃገን ጥናት የስኳር ሕመምተኞችን ለአራት ወር አራመደ። ገሚሶቹ ሦስት ደቂቃ ፈጥነው፣ ሦስት ደቂቃ ቀስ ብለው፤ ሌሎቹ በአንድ ወጥ ፍጥነት። ያወጡት ጉልበት ተመጣጣኝ ነበር። የአካል ብቃታቸውና የስኳር ቁጥጥራቸው የተሻሻለላቸው ግን የሚያፈራርቁት ናቸው።

[ምስል፦ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው የጅሬን ዳገት።]

ለጅማ ሰው ማፈራረቂያው ደጁ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳ ላይ ይለማመዱ፤ ከዚያ ዳገቱን በቁራጭ በቁራጭ ይሞክሩት። እስከ ቤተ መንግሥቱ መድረስ ግዴታ አይደለም፤ እሱ እንደሆነ የትም አይሄድም።

ጫት ቅሞ ዳገት መውጣት ግን ይቅር። ጫት ብቻውን የልብን ምትና የደም ግፊትን ይጨምራል። ቡናውን ማንም አይከለክልዎትም፤ ስኳሩን እንጂ።

ከባዱን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ይይዎት። በተለይ ስኳሩ ዓይንዎን በጽኑ ጎድቶ ከሆነ ከባድ እንቅስቃሴ ዓይን ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርዱ የሚችሉትን ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት የደም ስኳርዎን ይለኩ፤ ከ90 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ካሳየ ትንሽ ቀምሰው ይውጡ፣ ከረሜላም ከኪስዎ አይጥፋ።

አንድ ነገር ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ። የስኳር ሕመምተኛ ልብ ሲታመም ደረቱን ላያመው ይችላል፤ ነርቮቹ ደንዝዘዋልና። ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም ከመጣ "ይለፍልኝ" ብለው አይቀጥሉ። ይቁሙ፤ ሰው ጠርተው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይሂዱ።

የጅማ ዝናብ ደግሞ ጫማ ያርሳል። ቤት ሲገቡ ካልሲውን አውልቀው እግርዎን በጣቶች መካከል ሳይቀር ይዩ፤ የደነዘዘ እግር ቁስሉን አይናገርም።

[ምስል፦ ሁለቱ ጎልማሶች ከዳገቱ ሥር። ወጉ ተቆራርጧል። አንደኛው ሊዘፍን ይሞክራል፤ ግማሽ ስንኝ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለቱም ይስቃሉ።]