«ስንት አዳንሽ?» ተጫውቶ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ

እሱ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። የዛሬው ወጋችን ስለ በጎ አድራጎት ውድድር ነው። እንደኛ ያለ ተራ ሰው ማልያ ለብሶ ሜዳ ገብቶ ለተቸገረ ሰው ገንዘብ ስለሚያሰባስብበት መንገድ። ከየት ይጀመራል? ሰው እንዴት ይጠየቃል? ገንዘቡን ማን ይይዛል?

እሷ፦ ወረቀት ይዘሃል?

እሱ፦ ይዣለሁ። ሰባት ነጥብ አለው።

እሷ፦ በጣም ጥሩ። አስቀምጠውና መጀመሪያ የኔን ስማኝ።

እሱ፦ በረኛ የሆንሽበትን?

እሷ፦ እሱኑ።

እሱ፦ እሺ፣ ስንት አዳንሽ?

እሷ፦ (ሳቅ) እሱ መጨረሻ ላይ ነው! አድማጮች አታውቁም እንጂ ከዚያ ውድድር ወዲህ የዚህ ሰውዬ ሰላምታ ይሄ ሆኗል። ስልክ ሲደውል እንኳን «ሃሎ» አይልም። «ስንት አዳንሽ?» ነው የሚለው።

እሱ፦ ቁጥሩን ደጋግሜ ብሰማው አይሰለቸኝም።

እሷ፦ ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ባለ አምስት ተጫዋች ውድድር ገባን። ስምንት ቡድን ነበር። ገንዘቡ ለኩላሊት ታካሚዎች እጥበት የሚውል ነው። እጥበት ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ፣ አብዛኛው ታካሚ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ደሙን ከሚያጣራ ማሽን ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። «ይህን ሳምንት ልዝለለው» አይባልም። የአንዷ ባልደረባችን ወንድም እዚያ ውስጥ ነው። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ እሱ ስትሮጥ እናያታለን። ስለዚህ ለማን እንደምንጫወት እናውቅ ነበር።

እሱ፦ ይሄ የኔ ነጥብ ቁጥር አንድ ነው። ለማን እንደሆነ በግልጽ...

እሷ፦ ቆይ፣ ቆይ። ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው የበረኛችን ጣት ተጎዳ። ማን ይግባ ሲባል ሁሉም ዝም። እኔ እጄን አወጣሁ።

እሱ፦ በር ላይ ቆመሽ ታውቂያለሽ?

እሷ፦ አላውቅም። ግን ያቺ ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። እንዴት ዝም እላለሁ? ከዚያ ሰው ገንዘብ ለመስጠት ስለሚገባው ቃል ተነጋገርን። ሌሎቹ ቡድኖች «በገባ ግብ ይህን ያህል» ብለው ነበር የጠየቁት። እኛ ጠንካራ አጥቂ አልነበረንም። የሒሳብ ክፍሉ ጋሼ ናቸው «በዳነ ኳስ ይሁን» ያሉት። እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር ነው የቀራቸው። ቀይ መስመር ያለው ደብተር አመጡና ገጹን በማስመሪያ ከፋፈሉት። አናቱ ላይ «በረኛዋ ባዳነች ቁጥር» ብለው ጻፉ። ያቺ ባልደረባችን አነበበችውና ምን አለችኝ መሰለህ? «አንቺ ኳሱን አድኚ። ሰውን የሚያድነው እግዜር ነው።»

እሱ፦ ይሄንን አልነገርሽኝም ነበር።

እሷ፦ ቁጥሩን ብቻ ነዋ የምትጠይቀኝ።

እሱ፦ እሺ፣ ሰው ግን እንዴት ተጠየቀ? እዚህ ላይ ቆንጆ ጥናት አለኝ።

እሷ፦ ጋሼ ደብተሩን ለማንም ዝም ብለው አልሰጡም። መጀመሪያ እጁ የተፈታውን ሰው መረጡ። የክፍል ኃላፊያችንን። እሱ በአንድ ኳስ ትልቅ ገንዘብ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩ የዞረው። ተከትሎት የጻፈ ሰው ሁሉ የላይኛውን መስመር ያይና ብዕሩን ትንሽ ያቆያል። አይቼዋለሁ። ሊጽፍ ካሰበው ከፍ ያደርጋል።

እሱ፦ ጥናቱ ይኸው ነዋ! ሳራ ስሚዝ ከሁለት ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመችው። የለንደን ማራቶን ሯጮች ገንዘብ የሚያሰባስቡባቸውን ገጾች ነው ያጠኑት። ቀድመው የሰጡ ሰዎች አማካይ በ10 ፓውንድ ከፍ ሲል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ስጦታ በ2.50 ፓውንድ ያህል ከፍ ይላል።

እሷ፦ ጋሼ ይህን ያለ ጥናት ያውቁታል። ደብተሩ ላይ 26 ሰው ፈረመ። ሁሉም የተጠየቀው ፊት ለፊት ነው። በቡድን መልእክት የላክንላቸው መጀመሪያ ላይ ዝም ነበር ያሉት። አጠገቡ ሄደህ «ለእገሊት ወንድምና እንደሱ ላሉት ነው፣ እኔ በር ላይ እቆማለሁ» ስትለው ግን ሌላ ነው።

እሱ፦ እሺ፣ ወደ ሜዳው ግቢልን።

እሷ፦ ጓንቱ የተዋስኩት ነው። ሰፊ ነው። የእጅ አንጓው ላይ ያለው ማጣበቂያ አርጅቶ አይይዝም። በፕላስተር ጠመጠሙልኝ። ጋሼ ከመረቡ ጀርባ የተደፋ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፣ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። የመጀመሪያው ኳስ ደረቴን መታኝ። አልያዝኩትም፣ መታኝ ነው የምልህ። ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ከኋላዬ የእርሳሱ ድምፅ ተሰማኝ። ጭር። ከዚያ «አንድ» አሉ። ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያቺን ድምፅ ነበር የምጠብቀው።

እሱ፦ ወይኔ።

እሷ፦ አራት ሰረዝ ወደ ታች፣ አምስተኛውን በላዩ ላይ። እንደዚያ ነበር የሚቆጥሩት። የሚገርምህ በሩ ትንሽ ነው። የትልቁ ሜዳ በር 7.32 ሜትር በ2.44 ነው፣ የኛ 3 በ2 ነበር። ትንሽ ስለሆነ ይቀላል ብዬ ነበር። ኳሱ ግን ከቅርብ ነው የሚመታው! ለማሰብ ጊዜ የለህም። እጅህ ቀድሞ መሄድ አለበት።

እሱ፦ ስለ መመታት ካነሳሽ አይቀር፣ ክሪስቶፈር ኦሊቮላና ኤልዳር ሻፊር እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰው ገንዘብ የሚሰጥበት መንገድ ድካምና ሕመም ሲኖረው፣ በምቾት ከሚሰጥበት ይልቅ የበለጠ ለመስጠት ፈቃደኛ ይሆናል። የሰማዕትነት ውጤት ይሉታል። ለምሳሌ በካናዳ አልበርታ 40 አማተር ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ2021 የበረዶ ሆኪ ለ252 ሰዓት ሳያቋርጡ እየተፈራረቁ ተጫውተዋል። ለካንሰር ምርምር ነው። አሥር ቀን ተኩል ማለት ነው፣ በዚያ ብርድ።

እሷ፦ አሥር ቀን ተኩል! ደረቴ ላይ የነበረውን ሰማያዊ ምልክት ሰኞ ዕለት ያዩ ሰዎች ተጨማሪ የሰጡት ለካ ለዚህ ነው።

እሱ፦ እኔ ግን ቴሪ ፎክስን ሳላነሳ አላልፍም።

እሷ፦ አንሳው፣ እሱን እኔም እወደዋለሁ።

እሱ፦ ገና በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩን ያጣ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር እየሮጠ ካናዳን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሊያቋርጥ ተነሣ። በየቀኑ ወደ ማራቶን የሚጠጋ ርቀት። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው አላወቀውም። ፖርት ኦ ባስክ የምትባል ከተማ ሲደርስ ግን፣ ነዋሪዋ 10,000 ያህል ነው፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ሰበሰቡለት። በነፍስ ወከፍ አንድ ዶላር። ከዚያ ነው «ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር» ያለው።

እሷ፦ የሚገርመው ከልክ በላይ አለመጠየቁ ነው። አንድ ዶላር። ማንም ሰው «አልችልም» የማይለው።

እሱ፦ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ካንሰሩ ሳንባው ገብቶ ተንደር ቤይ አቅራቢያ አቆመ። የካናዳ ሕዝብ ያኔ 24 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ሳይሞት በፊት 24 ሚሊዮኑን ዶላር አየ። ሲሞት 22 ዓመቱ ነበር። ዛሬም በስሙ ይሮጣል።

እሷ፦ ...እሱን ሳስብ ሁሌም ጉሮሮዬ ይዘጋል።

እሱ፦ እኔም። እሺ፣ ወደ ጓንትሽ እንመለስ።

እሷ፦ ሦስተኛው ጨዋታ። የመጀመሪያውን ተሸንፈናል፣ ሁለተኛውን በአንድ ግብ አሸንፈናል። እረፍት ላይ አንዱ ተከላካያችን፣ በቅን ልቦና ነው፣ «ትንሽ ብንለቅላቸውስ?» አለ። «ብዙ ሲመቱ ብዙ ታድኛለሽ፣ ገንዘቡም ይበዛል።»

እሱ፦ እኔ ብሆን እስማማ ነበር።

እሷ፦ በምን ምክንያት?

እሱ፦ ለታካሚ ነዋ! ዋንጫው ምን ያደርጋል? አንድ ሰው ተጨማሪ ቀን ቢታጠብበት አይሻልም?

እሷ፦ ጋሼ ሰምተው ኖሮ «ልጄ፣ እንደሱ ከሆነ ደብተሩን እዘጋዋለሁ» አሉት። እኔም እንደሳቸው ነኝ። ያ 26 ሰው ቃል የገባው በእውነት እንድንጫወት ነው። ሆን ብለን በሩን ከፍተን ካስመታን የማይገባንን ገንዘብ ወሰድን ማለት ነው።

እሱ፦ ማታለል ግን ነው ወይ? አንቺ ኳሱን በእውነት ነው የምታድኚው።

እሷ፦ የማድነው በእውነት ነው፣ የሚመታው ግን በተንኮል ነው።

እሱ፦ እ... ይሄኛው ገብቶኛል። ግማሹ ገብቶኛል።

እሷ፦ ግማሹ ይበቃኛል። አልለቀቅንም። ጋሼ ደግሞ በቆጠራው ጥብቅ ናቸው። አንድ ኳስ ከበሩ ውጭ ሲሄድ ዘልዬ ነካሁት። በጣም ያማረ ዝላይ ነበር! ሰው አጨበጨበ። ዞር ብዬ አየኋቸው፣ እርሳሱ አልተንቀሳቀሰም። «ጋሼ?» አልኳቸው። «ወደ መረብ የማይገባ ኳስ አልዳነም» አሉኝ።

እሱ፦ ትክክል ናቸው። ግብ የማይሆን ከሆነ ሙከራ ነው እንጂ ማዳን አይባልም።

እሷ፦ እኔ በልቤ 31 ቆጥሬ ነበር።

እሱ፦ እና ስንት አዳንሽ?

እሷ፦ (ሳቅ) 27! ደብተሩ 27 አለ። በአራት ጨዋታ። ከምድባችን አልፈን በጥሎ ማለፉ ወጣን።

እሱ፦ ሃያ ሰባት!

እሷ፦ ደስታዬ ግን ግማሽ ቀን ነው የቆየው። ለምን መሰለህ? የክፍል ኃላፊያችን ትዝ አለኝ። እሱ የጻፈው በየጨዋታው ሁለት ሦስት ኳስ ብታድን ብሎ አስቦ ነው። ስናሰላው ያሰበው ሦስት እጥፍ ሊሆን ነው። ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ሄጄ «ያሰብከውን ያህል ብቻ ስጥ» አልኩት።

እሱ፦ ለምን? ቃል ቃል ነው።

እሷ፦ ቃልማ ቃል ነው። ግን ጥፋቱ የኛ ነው። ደብተሩ ላይ «ከዚህ አይበልጥም» የሚል ቦታ አላስቀመጥንም። ጣሪያ መኖር ነበረበት። ሰውን ከአቅሙ በላይ አስከፍለህ የምትሰበስበው ገንዘብ እኔን ደስ አይለኝም።

እሱ፦ እሱ ራሱ ምን አለ?

እሷ፦ ሙሉውን ከፈለ። በሁለት ወር ከፋፍሎ።

እሱ፦ ይኸውልሽ! ሰውየው የፈለገውን ነው የሰጠው። ጣሪያ ብታስቀምጪለት ኖሮ ያን ያህል አይሰጥም ነበር። እንግሊዛዊውን ጡረተኛ የጦር መኮንን ካፒቴን ቶም ሙርን እዪው። እ.ኤ.አ. በ2020፣ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በእግር ማገዣው ግቢው ውስጥ መቶ ዙር እሄዳለሁ አለ። የተመኘው 1,000 ፓውንድ ነበር። ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። ጣሪያ ቢያደርግ ኖሮስ?

እሷ፦ እሱ እኮ የብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ነው። እኔ የምልህ የአንዱን ሰው ኪስ ነው። ለጠቅላላው ጣሪያ አይኑር። ለያንዳንዱ ሰው ግን ይኑር።

እሱ፦ በዚህ አልተስማማንም።

እሷ፦ አልተስማማንም። ደህና ነው።

እሱ፦ ሰዓታችን እያለቀ ነው፣ ከሰባቱ ነጥብ ሦስቱን ልጥራ። አንደኛ፣ የሜዳው ኪራይ፣ ዳኛው፣ ኳሱ ከየት ይከፈላል?

እሷ፦ ከመመዝገቢያው። ሰው ለታካሚ ብሎ ከሰጠው ላይ ለሜዳ መከፈል የለበትም። ከዚያ መቀነስ ግድ ከሆነም ሳይሰበሰብ በፊት በጽሑፍ ይነገር። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥንም አትርሳ። ፕላስተሩ ባይኖር እኔ በምን ጓንት እቆም ነበር?

እሱ፦ ሁለተኛ፣ ገንዘቡን ማን ይይዛል?

እሷ፦ ሁለት ሰው። አንድ ሰው ብቻውን አይያዝ፣ ጋሼም ቢሆኑ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው «ሁለተኛ ፈራሚ አምጡልኝ» ያሉት። ደረሰኝ ለሁሉም።

እሱ፦ ሦስተኛ፣ ከውድድሩ በኋላስ?

እሷ፦ ይሄ ነው ዋናው! ይሄን ሰው ይረሳዋል። ገንዘቡን ሰብስቦ ድምፁን ያጠፋል። ጋሼ ሁሉም ከፍሎ ባለቀ በሳምንቱ 26 ወረቀት አዘጋጁ። በእያንዳንዱ ላይ የሰውየው ስም፣ 27 ሰረዝ፣ የከፈለው፣ ጠቅላላው፣ የታካሚዎቹ ማኅበር ገንዘቡን የተረከበበት ቀን። ሰረዙን በእጃቸው ነው ያሰመሩት። ሃያ ስድስቱም ላይ። እየዞርን ሰጠን። አንዳንዱ ሰው እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ለጥፎታል።

እሱ፦ ቀጣዩ ውድድር መቼ ነው?

እሷ፦ ቀኑ አልተቆረጠም። በረኛችን ጣቱ ድኗል፣ ግን በሩን አለቅልህም ብዬዋለሁ። ጋሼ ጡረታ ቢወጡም ከነደብተራቸው እንደሚመጡ ነግረውኛል።

እሱ፦ እንግዲያው እኔን አሁኑኑ መዝግቢኝ። በአንድ ኳስ።

እሷ፦ ስንት?

እሱ፦ ከማይክራፎኑ ስንወጣ እነግርሻለሁ። ጣሪያ ግን እንዳታደርጊብኝ።

እሷ፦ አደርግብሃለሁ።

እሱ፦ አታደርጊብኝም።

እሷ፦ ለጋሼ እንነግራቸዋለን፣ እሳቸው ይወስኑ።

እሱ፦ ተስማማሁ። አድማጮች፣ የቀሩት አራት ነጥቦች ኪሴ ውስጥ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ። ደህና ሰንብቱ።

እሷ፦ ደህና ሰንብቱ!