ስማቸውን ጥሩልን

በደብረ ብርሃን የተማሪዎች ሩጫ ውድድር መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ። መጀመሪያ ልጆቹን እናስቀምጣቸው እስቲ። ሳሩ ላይ ቁጭ በሉ ልጆች፣ ሹራብ ያለው ይልበስ፣ ሩጫው ሊጀመር ሲል ታወልቃላችሁ። የደብረ ብርሃን የጠዋት ንፋስ ምን እንደሚሰራ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ከ2700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆሞ እንግዳ ሲጠብቅ እግሩ የደረቀ ልጅ ገና ሲነሳ ነው ጡንቻው የሚሸማቀቀው።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ አብረን ስናስተምር የኖርን ባልደረቦቼ፣ እኔ ያስተማርኳችሁና ዛሬ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹ "ጋሼ፣ ስለ ስፖርት ጥቅም አጠር አድርገው ይንገሩን" ነው ያሉኝ። እነግራችኋለሁ። ግን ከፓሪስ ኦሎምፒክ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፣ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ሐምሌ 19 ቀን 2016ን ታስታውሳላችሁ አይደል? አርብ ነበር፣ የገብርኤል ዕለት። የዛን ሰሞን እንደምታውቁት ሰዉ በጊዜ ነው ቤቱ የሚከተተው፣ ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ማምሸት የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ ጎረቤት ነው የተሰበሰብነው፣ እትዬ የምንላቸው እናት አሉ፣ ሰፊ ቲቪ ያላቸው እሳቸው ናቸው። ውጪ የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል፣ ፓሪስም ዝናብ ነው፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል፣ እኛ ጋቢያችንን ተከናንበናል፣ ቆሎው መሀል ቀርቧል፣ በኛ ሰአት ከምሽቱ 2 ሰአት ተኩል ላይ ጀመረ።

ከስታዲየም ውጪ የተደረገ የመጀመሪያው የበጋ ኦሎምፒክ መክፈቻ ነው። ስፖርተኞቹ በሴን ወንዝ ላይ በ85 ጀልባ ተጭነው ወደ 6 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ነው የሚያልፉት። እንደ ልማዱ ግሪክ ቀደመች፣ ሌላው በፈረንሳይኛ ፊደል ተራ ይከተላል፣ ፈረንሳይ መጨረሻ። ድሮ በስታዲየም ሲሆን ትርኢቱ ለብቻው አልቆ ነው ሰልፉ የሚመጣው፣ የኛ ተራ መቼ እንደሚደርስ ታውቃለህ፣ ተዘጋጅተህ ትጠብቃለህ። ያሁኑ ግን ጀልባ ያልፋል፣ ጭፈራ ይገባል፣ ደሞ ጀልባ፣ ደሞ ዘፈን፣ አይንህን ከነቀልክ አመለጠህ ማለት ነው።

እትዬ ጠዋት ቤተክርስቲያን ስመው፣ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሲያስተናግዱ ውለው ደክሟቸዋል፣ ግን "ባንዲራዋን ሳላይ አልተኛም" ብለው ተቀምጠዋል። ሲኒ ሊያለቃልቁ ጓዳ ገቡ። ልክ በዛች ሰአት ኢትዮጵያ ብቅ አለች። ቤቱ በጩኸት ሞላ፣ "እትዬ ይምጡ! ይምጡ!" ስንል እጃቸው ላይ ውሀው እየተንጠባጠበ ሮጠው መጡ። ስክሪኑ ላይ ሌላ ጀልባ። ሌላ አገር።

ይሄ እንኳ ይሁን። ካሜራው የኛ አይደለም፣ ከ200 በላይ ቡድን ሲያልፍ ለሁሉም እኩል ሊደርስ አይችልም። እኔን ያቃጠለኝ በገዛ ቋንቋችን የሚያስተላልፍልን ሰው ነው። ቻናሉን አልጠራም፣ የሚመለከተው ራሱን ያውቃል። ባንዲራችን በታየችባት በዛች አፍታ ኮሜንታተሩ ስለ ሌዲ ጋጋ ልብስ ነው የሚያወራው። እሷ እኮ ዘፍና ከጨረሰች ቆይታለች! "ኢትዮጵያም እያለፈች ነው" አለና ወደ ልብሱ ተመለሰ። ባንዲራውን የያዙት እነማን ናቸው? በምን ስፖርት ነው የሚወዳደሩት? የት ተወለዱ፣ ማን አሰለጠናቸው? አንድም ቃል የለም። እትዬ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ "እነማን ነበሩ?" አሉ። ቤት ሙሉ ሰው ዝም።

አንዱ ልጅ ደሞ "የሩጫዎቹስ የታሉ?" ብሎ ጠየቀ። መልሱ ቀላል ነው፣ አትሌቲክስ የሚጀምረው ከመክፈቻው ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው፣ ሯጮች ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው የሚገቡት፣ በማግስቱ ውድድር ያለበት ስፖርተኛም አራት ሰአት ዝናብ ላይ አይቆምም። ይሄን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ኮሜንታተሩ ስላልተናገረው እዛው ቤት ውስጥ "ተጣልተው ነው"፣ "ትኬት አጥተው ነው" የሚል ወሬ ተጀመረ፣ በማግስቱ ያው ወሬ ፌስቡክ ላይ እንደ ዜና ሲዞር አየሁት። መረጃ ያልሰጠኸው ተመልካች ወሬ ይፈጥራል፣ ጥፋቱም የተመልካቹ አይደለም።

ከዛ የጠረጴዛው ትርኢት መጣ። ተዋናዮቹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው የታዩበት፣ ብዙ ሰው የጌታ እራትን ስዕል ይመስላል ያለው፣ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እትዬ አማተቡና ፊታቸውን አዞሩ፣ በገብርኤል ቀን የጌታ እራት መቀለጃ ሆነ ብለው እንባ ቀረሽ ሆኑ። እኔም ከፍቶኛል፣ ማንም መጥቶ ለምን ከፋህ ሊለኝ አይችልም። ዳይሬክተሩ የግሪክ አማልክት ድግስ ነው ያሳየሁት ብሏል፣ አዘጋጆቹም በሁለተኛው ቀን ቅር የተሰኘ ካለ ይቅርታ ብለዋል። ይሁንና ከዛ በኋላ እኛ ምን አደረግን? ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ቲክቶኩ እሱ፣ ሻይ ቤቱ እሱ፣ ታክሲ ውስጥ እሱ። መቆጣት ስንችልበት እኮ እንችልበታለን! ታዲያ እነዛ ልጆች በስማቸው ሳይጠሩ ሲያልፉ ያ ሁሉ ቁጣ የት ነበር? ስለ ጠረጴዛው ስማቸውን የማናውቃቸውን ፈረንሳዮች ስንራገም ከረምን፣ የራሳችንን ልጆች ስም አንድ ሰው አልጠየቀም። አንድ ሰው!

ደቡብ ኮሪያዎችን እዩ። ጀልባቸው ሲያልፍ አስተዋዋቂው በሰሜን ኮሪያ ስም ጠራቸው፣ በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም። ዝም አሉ? አላሉም። መንግስታቸው ተነሳ፣ ህዝቡ ተነሳ፣ ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፣ የዛን ጊዜው የኮሚቴው ፕሬዚዳንት ቶማስ ባህ ራሱ ለአገሪቱ መሪ ስልክ ደወለ። ስም ቀላል ነገር አይደለም ያሉ ሰዎች ናቸው።

እኛን ይሄ ነገር ዛሬ አይደለም የጀመረን። አበበ ቢቂላ የተወለደው ጃቶ ነው፣ እዚሁ ሸዋ፣ ከኛ ብዙም የማይርቅ መንደር። ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ደሞ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ 2:12:11 በሆነ ሰአት ደገመው፣ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዛ ሽልማት ላይ ቆመ፣ የሙዚቃ ባንዱ የኢትዮጵያን መዝሙር አያውቀውም፣ የጃፓንን መዝሙር ተጫወቱ። ከአራት አመት በፊት ያሸነፈ ሰው እኮ ነው! ሊያሸንፍ እንደሚችል አያውቁም ነበር? እሱ የሰው አገር ባንድ ነው እንበል። የኛው ኮሜንታተር ግን ምን ይባላል?

ሪዮ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይስ፣ በ2008? ባንዲራ የያዘውን ዋናተኛ ልጅ ዓለም ሁሉ በሰውነቱ ሳቀበት፣ እኛም ተቀላቀልን። ማን መረጠው፣ በምን መስፈርት ብሎ ኃላፊዎቹን መጠየቅ መብታችን ነው፣ ልጁን በሆዱ መስደብ ግን የማንም መብት አይደለም። ያን ጊዜ ስሙን ሁሉም አወቀው፣ ለስድብ ሲሆን።

የማራቶን ሯጩን ታምራት ቶላን ውሰዱ። በመክፈቻው ሰሞን ስሙን ያነሳ አልነበረም፣ ተጠባባቂ ነበር፣ ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው የገባው። ነሐሴ 4 ጠዋት 3 ሰአት ላይ ተነሳ፣ ያንን የቬርሳይ ዳገት ወጣው፣ 2:06:26፣ የኦሎምፒክ ሪከርድ። የዛን ቀን ስለሱ የማያወራ አልነበረም። እኔ የምለው ሳያሸንፉም ጥሯቸው ነው። ገና ጀልባው ላይ እያሉ፣ ገና ተጠባባቂ እያሉ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ፣ ለዚህ ነው የተነሳሁት። መክፈቻ የስፖርተኛው ነው። እኛስ እንዴት ነው የምንከፍተው? ድንኳኑ ለማን ነው የሚተከለው? ውሀው ፊቱ የሚደረደረው ለማን ነው? ቦታውን አልናገርም፣ አንድ ውድድር ላይ የክብር እንግዳ ዘገየ ተብሎ የአስራ ሁለት የአስራ ሶስት አመት ልጆች በቁምጣ ከጠዋት እስከ ረፋድ ብርድ ላይ ተሰልፈው አይቻለሁ። አንዷ ልጅ ከንፈሯ ጠቁሮ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ትንቀጠቀጣለች። ከገጠር በእግሯ ነው የመጣችው። እንግዳው ሲመጣ ስሙ ከነማዕረጉ ተጠራ፣ አጃቢዎቹ ተጠሩ፣ ድንኳኑን ያከራየው ሳይቀር ተመሰገነ። እሷ "ቁጥር 14" ተባለች። አሸነፈች ደሞ! አሸንፋም "ቁጥር 14 አንደኛ" ነው የተባለው። አያቷ ዳር ቆመው የነሱ ልጅ መሆኗን ሰው ሊነግራቸው አልቻለም፣ ራሳቸው አይተው ነው እልል ያሉት።

ይሄ ይብቃ! ለራሳችን ልጅ እዚህ ሜዳ ላይ ያልሰጠነውን ክብር ከፓሪስ ካሜራ አንጠብቅም። የዘገየ እንግዳ ይዘግይ፣ ሲደርስ ጨዋታው ውስጥ ይቀመጥ። ልጅ ብርድ ላይ አይጠብቀውም። ንግግር ከሩጫው በኋላም ይደርሳል፣ የኔም ጭምር፣ አዘጋጆቹ በሚቀጥለው አመት እንደዛ አድርጉት።

የሚያስተላልፉልን ጋዜጠኞች ይሄን ከሰሙ ደሞ፣ የሎስ አንጀለስ መክፈቻ ሐምሌ 2020 ነው፣ እዛ ሲመሽ እኛ ጋ ሊነጋጋ ነው፣ እንነሳለን፣ ቡናም ይፈላል። የቡድኑ ስም ዝርዝር አስቀድሞ ይወጣል። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፣ ለአሰልጣኞቹ ደውሉ፣ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት መስመር ጻፉ። ሌላ አልጠየቅናችሁም።

ስለ ስፖርት ጥቅም፣ ለልብም ለሳንባም ለእንቅልፍም ይበጃል፣ ወላጆችም ማታ ማታ በእግር ተንቀሳቀሱ፣ ልጆቻችሁን ከስልክ ላይ አንሷቸው። ጫማ ለሌላቸው ልጆች ጫማ የገዛችሁ ነጋዴዎች እግዚአብሔር ይስጥልን።

ከመምህራኑ ጋር ትናንት ማታ ተነጋግረን ዝርዝሩን አዘጋጅተናል። የልጁ ስም፣ የአባት ስም፣ ትምህርት ቤት፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የአሰልጣኙ ስም። አንድም ቁጥር የለበትም። ልጆች፣ ስማችሁ ሲጠራ ተነሱና እጃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ቤተሰብ ያለው እልል ይበል፣ ቤተሰቡ ያልመጣለትን ልጅ እኛ እልል እንልለታለን። መምህር፣ ማይኩን ይያዙ፣ ከጠባሴ በኩል ከመጡት ይጀምሩልን።