ከፊርማው በኋላ ገንዘቡ የት ይቆያል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ አራት ኪሎ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም መንግሥታት ስለ ልማት ፋይናንስ መክረው፣ በአዲስ አበባ ስም የሚጠራውን የድርጊት አጀንዳ እዚሁ ከተማ ላይ ተስማሙ። ስብሰባ አላነሰንም። ከብድር ፊርማ ወዲያ ያለውን ሥራ ግን የሚከታተለው ጥቂት ሰው ነው።

ዜናው «ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈረመ» ሲል ብዙ ሰው ገንዘቡ የገባ ይመስለዋል። ገና ነው። የዓለም ባንክን ብድር እንውሰድ። ገንዘብ ሚኒስቴር ይፈርማል፤ ስምምነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ በአዋጅ ይጸድቃል፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ስምምነቱ በሕግ የጸና መሆኑን የሚገልጽ የሕግ አስተያየት ተጽፎ ለባንኩ ይላካል። በዚያ ላይ በስምምነቱ የተቀመጡ ቅድመ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ የማስፈጸሚያ ማኑዋል ማጽደቅ፣ የሒሳብና የግዥ ባለሙያ መቅጠር። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሰኔ 30 ያበቃል፤ የሚከፈተው በመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ የተፈረመ ብድር፣ አስቸኳይ ስብሰባ ካልተጠራለት፣ ክረምቱን እንዲሁ ይከርማል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የወሰን ማስከበር፣ ማለትም እንደ መንገድ ያለ ሥራ የሚያርፍበትን ቦታ ነጻ የማድረግ ጉዳይ ነው። ለተነሺዎች የሚከፈለው ካሳ አብዛኛውን ጊዜ ከብድሩ አይወጣም፤ መንግሥት ከራሱ ካዝና በብር ነው የሚከፍለው። ካሳ ሳይከፈል ሰው አይነሳም፤ አበዳሪውም ሥራው እንዲጀመር አይፈቅድም። ስለዚህ የካሳው ብር በዚያ ዓመት በጀት ውስጥ ካልተያዘ፣ ተቋራጩ ማሽኑን አስገብቶ ቦታ ሳይረከብ ይቆማል። ከዚያ የጊዜ ማራዘሚያና ማሽኑ ለቆመበት ክፍያ ይጠይቃል። ውሉ ስለሚፈቅድለትም ያገኛል። ያ ገንዘብ አንድ ሜትር መንገድ አይሠራም፤ ይህ በእውነት ያንገበግበኛል። እኔ ብሆን ዲዛይኑ ሳያልቅ፣ የጨረታ ሰነዱ ሳይዘጋጅ፣ ካሳው በጀት ሳይያዝለት ፊርማ እንዲጠራ አልፈቅድም።

ሌላው ማነቆ ያልተወራረደ ሒሳብ ነው። ገንዘቡ በቅድሚያ ለወረዳ ይለቀቃል፤ ወረዳው በሰነድ ሲያወራርድ ቀጣዩ ይተካል። ለሥልጠና አበል ተከፍሎ የተሳታፊዎች ፊርማ ከጎደለ፣ ኦዲተሩ ወጪውን ውድቅ ያደርገዋል፤ መንግሥትም ያን ገንዘብ እንዲመልስ ይጠየቃል። ችግሩ ሁሌ ስርቆት አይደለም። አንድ የወረዳ የሒሳብ ሠራተኛ የብዙ ፕሮጀክቶችን ሪፖርት፣ የእያንዳንዱን አጋር (አበዳሪ ወይም ለጋሽ) በየራሱ ቅጽ፣ ለብቻው ይሞላል። ልምድ ሲያካብት ደግሞ የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ይሄዳል፤ አዲሱ ከዜሮ ይጀምራል።

አጋሮችም እዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በርካታ ለጋሾችን በአንድ ፕሮግራም ሥር አስተባብሯል፤ ይቻላል ማለት ነው። ቀጣዩን ስምምነት የሚደራደሩ ሰዎች ለወረዳው አንድ ቅጽ፣ አንድ የሪፖርት ቀን፣ አንድ ኦዲት ይጠይቁለት፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው በራሳችን የበጀት ዓመት።