ብርቅዬ ወፍ አየሁ ከማለታችሁ በፊት

[ምስል፦ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠ ግራጫ ወፍ]

ይህን ወፍ እስቲ እዩትማ። ጀርባው ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ ነው። ነጩ ላይ አግድም ጥቋቁር መስመሮች አሉ። ጅራቱ ረዘም ይላል። ጭልፊት ነው አላችሁ አይደል? እኔም ብዬ ነበር። ያውም ስልክ አንስቼ ጓደኞቼን ጠርቼ። ወፉ ግን ኩኩ ነው።

ደግነቱ ብቻዬን አይደለሁም። የዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ አርስቶትል ስለ እንስሳት ሲጽፍ፣ “ጭልፊት ወደ ኩኩ ይለወጣል” የሚሉ ሰዎች እንደነበሩ ጠቅሷል። እሱ ግን አልተሸወደም። የኩኩን ራስና ጥፍር አይቶ፣ ከጭልፊት ይልቅ እርግብ ይመስላል አለ። ትንንሽ ወፎችም ይሸወዳሉ። ጭልፊት መጣ ብለው ሲደናገጡ፣ ሴቷ ኩኩ እነሱ ጎጆ ውስጥ እንቁላሏን ጥላ እብስ ትላለች።

[ምስል፦ ሁለቱ ወፎች ሲበሩ፣ ጎን ለጎን]

አሁን ሲበሩ እዩ። የኩኩ ክንፍ ጫፉ ሹል ነው፤ ሲያርገበግበውም ከጀርባው በላይ እምብዛም አይወጣም። የጭልፊቱ ክንፍ አጭርና ክብ ነው። ጥቂት ያርገበግብና ይንሳፈፋል፣ እንደገና ያርገበግባል። ምንቃሩም መንጠቆ ነው።

ግን ብርቅዬ ወፍ አየሁ የሚለው ሰው ለምን በጸደይ መጨረሻ ይበዛል? በሰሜኑ የዓለም ክፍል ግንቦት ሲገባ፣ ከደቡብ የሚመጡ ተጓዥ ወፎች ገና መንገድ ላይ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ከኋላ ከገፋቸው መድረሻቸውን አልፈው ይሄዳሉ። ባለ ቁንጮዋ ጅንጅላቴ ደቡብ አውሮፓ መቅረት ሲገባት፣ እንግሊዝ አገር ሰው ጓሮ ውስጥ ትል ስትለቅም የምትገኘው በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ብርቅዬ ወፍ በእርግጥ ይመጣል። ችግሩ፣ ጫጩቶች ከጎጆ የሚወጡትም በዚሁ ሰሞን ነው።

[ምስል፦ ቡናማ፣ ነጠብጣብ ያለበት ትንሽ ወፍ]

ይሄ ሮቢን ነው። “ቀይ ደረቱ የታለ?” ካላችሁ፣ ገና አልበቀለም። ወላጆቹን አይመስልም፣ የወፍ መለያ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለውንም አይመስልም። “አዲስ ዝርያ አገኘሁ” የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ልጅ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ ወፍ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ አበባ ፊት አየር ላይ ቆሞ የሚጠጣ ሃሚንግበርድ አየሁ የሚል ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። ሃሚንግበርድ በዱር የሚኖረው አሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው። ያዩት በቀን የምትበር የእሳት እራት ናት። ራሷ ላይ ሁለት አንቴና ካለ ነገሩ አለቀ።

በድምፅ እለያለሁ ለምትሉም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብሉ ጄይ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ወፍ የጭልፊት ጩኸት አስመስሎ ይጮሃል፣ ያውም አሳምሮ። ሜርሊን የሚባለው የስልክ አፕ ከ2021 ጀምሮ ድምፅ ሰምቶ የወፉን ስም ይነግራችኋል። ጎበዝ ነው። ግን ጠቋሚ እንጂ ምስክር አታድርጉት።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ መጠኑን በመጨረሻ ነው የማምነው። አጠገቡ የሚነጻጸር ነገር ከሌለ ዓይን ይዋሻል፤ አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ሙሉ በባይኖኩላር ያጠናሁት ነጭ ወፍ ፌስታል ሆኖ ተገኝቷል። መጀመሪያ ምንቃሩን፣ ከዚያ የጅራቱን ቅርጽ፣ ከዚያ አበራረሩን። መጽሐፍ ሳትገልጡ ያያችሁትን ጻፉ። ከገለጣችሁ በኋላ የምትጽፉት ማየት የፈለጋችሁትን ነውና። ኢበርድ በሚባለው፣ ሰዎች ያዩትን ወፍ በሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ላይ ለቦታውና ለወቅቱ ያልተለመደ ወፍ ስትመዘግቡም ዝርዝር ትጠየቃላችሁ፤ በጎ ፈቃደኛ ባለሙያም ያየዋል። የሚፈልገው፣ የተለመደው ወፍ አለመሆኑን በምን እንዳወቃችሁ ነው።

[ምስል፦ መጀመሪያ ያየነው ግራጫ ወፍ]

የኔን ጭልፊት ግን ማንም መመርመር አላስፈለገውም። ጓደኞቼ እያለከለኩ ደረሱ። ወፉ ክንፎቹን ዘርገፍ፣ ጅራቱን ቀና አደረገና አፉን ከፈተ።

[ድምፅ፦ ኩ-ኩ፣ ኩ-ኩ]