ዲናሞው ሳይሸት

እንዴት ሰነበታችሁ። ከደብረ ብርሃን ነው፣ ጋቢዬን ተከናንቤ።

ዛሬ ሲከብደኝ የኖረ ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደነባ መንገድ ካለ አንድ ወፍጮ ቤት ጠሩኝ። ባለቤቱ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ «ልጄ፣ የዲናሞው ድምፅ አላማረኝም» አሉ። ዲናሞ የምንለው ወፍጮውን የሚያዞረውን የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። አጠፋሁት፣ ሽቦውን ፈታሁ፣ ሦስቱንም ፌዝ በቴስተር ለካሁ፤ እኩል ነው። ሜገር (ከረንት ከሽቦው ወደ ብረቱ ማምለጡን የሚያሳይ መለኪያ) አምጥቼ በ500 ቮልት ከቦዲው ጋር ሞከርኩት፤ ንጹሕ። «ጋሼ፣ ደህና ነው፤ ይፍጩበት» አልኳቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ተቃጠለ። እናቶች እህላቸውን ሳያስፈጩ መልሰው በአህያ ሲጭኑ አየሁ። ጋሼ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ስፈታው አንዱ ጥቅል ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ጥቂት ዙሮች መከላከያ ቫርኒሻቸው አልቆ ተነካክተዋል። ሜገር የሚያውቀው መዳቡ ብረቱን ነክቶ እንደሆነ ነው፤ መዳብ ለመዳብ ሲነካካ ምንም አይልም። ቴስተርም ከዚያ ሁሉ ዙር ሁለት ሦስት ቢጎድል አይለየውም። የተነካኩት ዙሮች ግን ለብቻቸው ቀለበት ይሆናሉ። ዋናው ጥቅል እንደ ትራንስፎርመር ኃይል ያቀብላቸዋል፤ ከሞተሩ አምፒር ብዙ እጥፍ የሆነ ከረንት ውስጣቸው ይዞራል። ያ ሙቀት የጎረቤቱን ቫርኒሽ ይበላል፣ ከዚያ የሚቀጥለውን። እኛ ሽታውን ስንሰማ ነገሩ አልቋል።

እዚህ ደጋ ላይ «በዚህ ብርድ ዲናሞ አይሞቅም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ብርዱ ይረዳል፣ እውነት ነው። ግን ሞተር እንደ ልማድ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስስ አየር ሙቀት በደንብ አያነሳም።

አሁን የማጠናው ሳይነኩ ኢምፒዳንስ መለካትን ነው። ኢምፒዳንስ ማለት ጥቅሉ ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው ጠቅላላ ተቃውሞ ነው፤ የሽቦው ሬዚስታንስም የማግኔቱም። እንደ ክላምፕ ሜትር መንጋጋ ያሉ ሁለት ቀለበቶች ሽቦውን ያቅፋሉ። አንደኛው ከመብራቱ 50 ሄርትዝ እጅግ የፈጠነ ትንሽ ሲግናል ይልካል፣ ሁለተኛው ያ ሲግናል የፈጠረውን ከረንት ይይዛል፤ 50ው ተጣርቶ ይቀራል። ፋራዳይ በፈረንጆቹ 1831 ያሳየው ያው ኢንዳክሽን ነው፤ የሚለዋወጥ ማግኔት ሽቦ ውስጥ ኃይል ሲፈጥር። ዙሮች ሲነካኩ ኢንዳክታንሱ፣ ያ የማግኔቱ ተቃውሞ የሚመጣበት፣ ይወርዳል፣ የኢምፒዳንሱም ቁጥር አብሮ ይቀየራል። ፕላስቲኩ አይላጥም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዲናሞው አይቆምም፤ በገበያ ቀን ወፍጮ አቁሙ ማለት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። እያንዳንዱ ዲናሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ጤነኛ ሳለ ለክቶ ደብተር ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። እኔም ፌራይት በሚባል ማግኔት በሚያሳልፍ ቁስ ላይ ሁለት ጥቅል ጠቅልዬ፣ ከመስከረም ጀምሮ የጋሼን አዲሱን ዲናሞ እየለካሁ እጽፋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሁለተኛው ፌዝ ከመስከረሙ ወርዶ አገኘሁት። ሌሎቹ ሁለቱ እንደነበሩ ናቸው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው። ድምፁ ሰላም ነው፣ ሽታ የለውም።

«ጋሼ፣ ሰኞ እንክፈተው» አልኳቸው።

ዲናሞውን ቆመው ሲያዩ ቆዩ። «ያኔ ደህና ነው ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ብዬዎት ነበር።»

«እንግዲያው ሰኞ በጠዋት ና» አሉኝ።