ከእጅ አንጓ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ሰው አጥንቱ ሲሰበር አወዳደቁን አጥብቀን እንጠይቃለን፤ አጥንቱ ለምን እንዳልቻለው ግን እምብዛም አንጠይቅም፤ የዛሬው ጉዳዬም ይኸው የአጥንት መሳሳት ነው።

አክስቴ 60 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ፒያሳ አካባቢ ከእግረኛ መንገድ ሲወርዱ አዳልጧቸው የእጅ አንጓቸው ተሰበረ። ወጌሻ ይጠራ ያለም ነበር፤ ልጆቻቸው ግን ሐኪም ቤት ወሰዷቸው፣ ራጅ ተነሡ፣ ጄሶ ታሰረላቸው፣ አጥንቱም ገጠመ። ጠያቂው ሁሉ «እንኳን በእጅ አለፈ» እያለ ተመለሰ። ከቁመት የማይበልጥ አወዳደቅ ጤነኛ አጥንት ሊሰብር ይገባው ነበር ወይ ያለ ባለሙያ አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም አንዴ በእንዲህ ያለ ቀላል አወዳደቅ የተሰበረ ሰው ሌላ ስብራት የሚገጥመው ዕድል ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ የሚቀጥለውም ዳሌ ሊሆን ይችላል።

አጥንት ዕድሜ ልክ እየፈረሰ የሚታደስ ሕያው አካል ነው። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ያመዝናል፤ ሴቶች ሲያርጡ ግን ኢስትሮጅን ስለሚቀንስ ፍርሻው ይፋጠናል። ፕሬድኒሶሎንን ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ለ3 ወርና ከዚያ በላይ መውሰድም፣ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራትም አጥንትን ያሳሳል።

መሳሳቱ ራሱ አያምም። የአከርካሪ አጥንት እንኳ ተሰብሮ «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የአክስቴ የሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ፣ ቀድሞ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ የነበረው፣ መሬት መጥረግ ጀምሮ ነበር፤ እኛ ልብስ ሰፊውን ወቀስን። በወጣትነት ከነበረው ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል መቀነስ ግን አከርካሪን በራጅ ለማየት በቂ ምክንያት ነው።

ጤፍና ጎመን ካልሲየም አላቸው፣ ፀሐይም ቫይታሚን ዲ ትሰጣለች፤ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ማታ ለሚወጣው የካዛንቺስ ሠራተኛ ግን ፀሐይዋ ከመስኮት ማዶ ናት፤ መስታወቱ ደግሞ ቫይታሚኑን የሚያስገኘውን ጨረር ያስቀራል። አጥንቱ አንዴ ከሳሳ በኋላም ምግብ ብቻውን አይበቃም።

አክስቴ በኋላ በሌላ ሐኪም የአጥንት እፍጋት ምርመራ ታዘዘላቸው፤ ውጤታቸውም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ለአጥንት መሳሳት ካስቀመጠው ወሰን፣ ከዜሮ በታች 2.5 (ዜሮ የጤነኛ ወጣት አማካይ እፍጋት ነው)፣ ወርዶ ተገኘ። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አሌንድሮኔት ተጀመረላቸው። መድኃኒቱ ምግብ ካለ ወደ ሰውነት በደንብ ስለማይገባ፣ የምግብ ቧንቧንም ሊያቆስል ስለሚችል፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ተውጦ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙና ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ያስፈልጋል። ጋደም ማለት መከልከሉን ያለ ክርክር ተቀበሉ፤ ቡናው መዘግየቱን ግን ሐኪሙን ሦስቴ አስደገሙት።